ያውቁ ኖሯል? ዲያቆኑ ስካውት
የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ወንዶች ልጆችን ገና 12 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ዲያቆን ታደርጋለች። ለእኛ አገር አንባቢ የልጅ ዲያቆን ብርቅ አይደለም፤ የሚገርመው ሌላ ነው። በአሜሪካ የዲያቆናቱ ማኅበር ራሱ የስካውት ቡድን ነበር። እሑድ ቅዱስ ቁርባን ያደለው ልጅ በሳምንቱ መሐረቡን አንገቱ ላይ አስሮ ቋጠሮ ማሰር፣ ድንኳን መትከልና እሳት ማንደድ ይማር ነበር።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአሜሪካ ቦይ ስካውት ጋር የተጣመረችው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ ከተቋማት ሁሉ ቀድማ። ከመቶ ዓመት በላይ ከዘለቁ በኋላ፣ በ2018 መለያየታቸው ታወጀ፤ በ2019 መጨረሻም ተፈጸመ። ምክንያቱ ምን ነበር? አብዛኛው ምእመን ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ስለሚኖርና ስካውት በየአገሩ ስለማይገኝ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ መርሐ ግብር አስፈለገ ተባለ። አዲሱ መርሐ ግብር በጥር 2020 ተጀመረ፤ ሴቶች ልጆችንም ያቅፋል።