ይጠገን ወይስ ይተካ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብልሽት እንደ ውሳኔ ጥያቄ



ስለ ጥገናና ስለ ምትክ የሚሰጥ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በተርባይን ወይም በአውሮፕላን ሞተር ይጀምራል። እኔ ዛሬ የመረጥሁት የኤሌክትሪክ ምጣድን ነው። በየማዕድ ቤታችን ካሉት ዕቃዎች ከፍተኛ ኃይል ከሚስቡት አንዱ ነው፤ በተበላሸ ቁጥርም «ይጠገን ወይስ ሌላ ይገዛ?» የሚለውን ክርክር ያስነሳል።

ክርክሩ በተለምዶ የሚፈታው በዋጋ ነው። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ይተካ፣ ካነሰ ይጠገን ይባላል። ደንቡ ለማስታወስ ይቀላል፤ ሆኖም ምጣድን እንደ አንድ ወጥ አካል ስለሚቆጥር ያሳስታል። ከላይ የሸክላው ገጽ አለ። ከሸክላው ግርጌ በተቀረጹ ቦዮች ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ ተዘርግቶ በጄሶ ወይም በመሰል ነገር ይሸፈናል። ዙሪያውን የቆርቆሮ አካል ይይዘዋል፤ ከዚያ ገመዱና ስፒናው ይከተላሉ። የእነዚህ ክፍሎች ዕድሜ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሞተው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው።

ስፒናው ቀልጦ ወይም ገመዱ ተቃጥሎ ከሆነ ክርክር አያሻም፤ ይለወጥ። ግን ለምን ቀለጠ? በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ያሳልፋል። በላላ መገናኛ ላይ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖር፣ 16 በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ በ0.1 ሲባዛ 25 ዋት ያህል ሙቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ይፈጠራል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኞች በሚይዙት የእጅ መበየጃ ኃይል ልክ ነው። ስፒናው ደጋግሞ የሚቀልጥ ከሆነ እንግዲህ ሕመሙ የግድግዳው ሶኬት ወይም የቀጠነው መስመር ሊሆን ይችላል፤ ያ ሳይመረመር አዲስ ምጣድ የገዛ ሰው አዲሱንም ስፒና ያቀልጠዋል።

ጉዳዩ የሚጠነክረው ሽቦው ሲበጠስ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች «ጥገና» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ሽቦውን በሙሉ አውጥቶ ውፍረቱና ርዝመቱ ተመሳሳይ በሆነ መተካት ነው። ሁለተኛው የተበጠሱትን ጫፎች ስቦ መቋጠር ነው። በቋጠሮው ምክንያት ሽቦው በአንድ አሥረኛ ቢያጥር ሬዚስታንሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሚስበው ኃይል ግን በ11 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። 3500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 3900 ይጠጋል። ኃይሉ የሚከፋፈለው ባጠረ ሽቦ ላይ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ሲሰላ ጭማሪው 23 በመቶ ይደርሳል። ባለቤቱ «ከተጠገነ ወዲህ ፈጥኖ ይግላል» ብሎ ይደሰታል፤ ሽቦው ግን ወደ ሁለተኛው መበጠስ እየተጣደፈ ነው። ስለዚህ ከጠጋኙ ዘንድ ምጣዱን ከመረከባችሁ በፊት ሬዚስታንሱ እንዲለካ ጠይቁ፤ ለ3500 ዋት ምጣድ 14 ኦም ገደማ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለማስረዳት ያህል ጥገናው 1500 ብር፣ አዲሱ ምጣድ 6000 ብር ነው እንበል፤ አዲሱ 6 ዓመት ያገለግላል። የአዲሱ የዓመት ወጪ 1000 ብር ነው። ሽቦው በሙሉ ተለውጦ 2 ዓመት ከቆየ የጥገናው የዓመት ወጪ 750 ብር ይሆናል፤ ጥገናው ይሻላል። ተቋጥሮ 1 ዓመት ብቻ ከቆየ ግን 1500 ብር ነው፤ ምትኩ ይሻላል። የግማሽ ዋጋው ደንብ ሁለቱንም «ይጠገን» ይላቸዋል።

የኃይል ፍጆታም ይደመር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚጋገርበት ምጣድ በ4 ሳምንት 42 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አዲሱ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ቢቆጥብ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል። የቤት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን የሚጨምር ስለሆነ፣ ይህ ቁጠባ የሚተመነው ቤተሰቡ በደረሰበት የመጨረሻ እርከን ዋጋ ነው። አሮጌው ለቁራሌው ተሸጦ የሚገኘውም ከአዲሱ ዋጋ ይቀነስ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። «ባለፈው ዓመት ብዙ አውጥቼበታለሁ» የሚለው ግን በሒሳቡ ውስጥ ቦታ የለውም። የወጣው ወጥቷል፤ የሚጠቅመን ምጣዱ ወደፊት ምን ያህል እንደሚቆይ ለመገመት ብቻ ነው።

የሸክላው ስንጥቅ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። የቦካ ሊጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ከነካ ኤሌክትሪኩ እርጥብ ማሰሻ ወደያዘ እጅ የሚደርስበት መንገድ ይከፈታል። የቆርቆሮው አካል በመሬት መስመር ካልተያያዘ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ሸክላ በጄሶ አይለጠፍ፤ እስኪለወጥ ድረስም አይጋገርበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በብዙ ቤት ስለ ምጣዱ የሚወስነው ሰውና በምጣዱ ፊት የሚቆመው ሰው የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ገንዘቡን የሚቆጥበው አንዱ ነው፤ አደጋውን የምትሸከመው ጋጋሪዋ ናት፤ ብዙ ጊዜም የቤት ሠራተኛ ስለሆነች «ይህ ምጣድ ይነዝራል» ስትል የሚሰማት አታገኝም። እርሷ «ይነዝራል» ካለች ምጣዱ ወዲያውኑ ከሶኬት ይነቀል፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሸክላው ውፍረት በፍጆታ ላይ ያለው ተጽዕኖ ራሱን የቻለ ርዕስ ነውና በጥያቄው ሰዓት እመለስበታለሁ።