የቤተሰቡን ትዝታ የሚጠብቅ ትንሽ ሳጥን

ባለፈው ዓመት የባለቤቴ ስልክ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ስልኩ በሌላ ተተካ። ያልተተካው፣ አማቴ በመጨረሻዋ ፋሲካቸው ልጃችንን አቅፈው ሲመርቁ የሚያሳየው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። “ነገ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ” ስንል ከርመን ነበር።

እርስዎስ? የልጆችዎ ፎቶ አሁን የት ነው ያለው? መልስዎ “ስልኬ ላይ” ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

እኛ ከዚያ በኋላ የቤት ሰርቨር አስተከልን። ሰርቨር ሲባል ክፍል የሚሞላ ማሽን አይታይዎ። ከራውተሩ ጎን ተቀምጦ፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ፣ የቤተሰቡን ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ በዋይፋይ የሚቀበል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እንደ ኢሚች እና ኔክስትክላውድ ያሉ በነጻ የሚገኙ ሶፍትዌሮች ይህን ሥራ ይሠራሉ። ሊኑክስ የሚያውቅ የሰፈር ወጣት ወይም ዘመድ ካለዎት የመጫኑ ነገር አያስጨንቅም። ዋናው ጥያቄ ምን ዓይነት ዕቃ ይገዛ የሚለው ነው።

ፍጥነቱን ሳይሆን ዋቱን ይጠይቁ

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ፣ ሻጭ “ይሄኛው በጣም ፈጣን ነው” ሲል ገንዘቤ ወዴት እንደሚሄድ ይገባኛል። ፎቶ ተቀብሎ ለማስቀመጥ ግን ያን ያህል ፍጥነት አያስፈልግም። ይህ ዕቃ በቀን 24 ሰዓት ስለሚሠራ፣ መጠየቅ ያለብዎት ያለ ሥራ ሲቀመጥ ስንት ዋት እንደሚወስድ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 70 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ በ30 ቀን 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። 10 ዋት የሚወስድ ሚኒ ፒሲ ደግሞ 7 ገደማ። የመብራት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር መሆኑንም አይርሱ። “ዴስክቶፑ እቤት አለ፣ ነጻ ነው” የሚለው ሐሳብ በየወሩ ቆጣሪው ላይ ይከፈላል።

ሦስቱ ምርጫዎች

ራስፕቤሪ ፓይ፦ ከመዳፍ የማይበልጥ ቦርድ ነው። ያለ ሥራ ሲቀመጥ ጥቂት ዋት ብቻ ይወስዳል። 8 ጊጋባይት ራም ያለውን ይምረጡ። በተራ የስልክ ቻርጀር አይሞክሩት፤ የራሱን ኃይል አቅራቢ አብረው ይግዙ። እኛ በዚህ ጀምረን ሁሉንም ነገር ሚሞሪ ካርድ ላይ ብንጭነው፣ መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ ካርዱ ተበላሸ። ከኤስኤስዲ ጋር ቢጠቀሙበት ይሻላል።

ሚኒ ፒሲ፦ ኢንቴል ኤን100 የተባለው ቺፕ ያላቸው፣ የመጽሐፍ ያህል መጠን ያላቸው ሳጥኖች ናቸው። ኤስኤስዲ፣ ራምና ቻርጀር አብሯቸው ሊመጣ ይችላል፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን ያረጋግጡ። ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው ይህን ነው። ቤታችን አሁን ያለውም እሱ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ፦ በጀት ካጠረ መጥፎ አይደለም። የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይጠፋም። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ሶኬት ላይ የሚውል ባትሪ ሊያብጥ ስለሚችል አልፎ አልፎ ይመልከቱት። ያበጠ ባትሪ ካዩ መጠቀሙን ያቁሙ።

መብራት ሲጠፋስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ዕቃ ትልቁን ይበልጣል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው የቤት ዩፒኤስ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹ ባክኖ ይቅር እንበል። በቀሪው፣ በአንድነት 20 ዋት የሚወስዱ ሚኒ ፒሲና ራውተር ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ከራውተሩ ጋር 80 ዋት የሚወስደው ዴስክቶፕ ግን ግማሽ ሰዓት ነው።

ሲገዙ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያንሱ፦ “መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳል?” ራስፕቤሪ ፓይ ይነሳል። በብዙ ሚኒ ፒሲዎች ደግሞ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል። ይህ ካልተደረገ፣ እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኑ እስከ ማታ ተኝቶ ይጠብቅዎታል።

ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አያፍኑት። አየር የሚያገኝበት፣ አቧራ የማይበዛበትና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይፈልጉለት።

አንድ ቅጂ፣ ቅጂ አይደለም

ሰርቨሩም ሊሰረቅ ወይም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ይግዙና በየወሩ ሁሉንም ይገልብጡበት። የእኛው እናቴ ቤት ይቀመጣል፤ ስንጠይቃት ይዘነው መጥተን ሞልተን እንመልሰዋለን። የቤተሰብ ፎቶ ስለሆነ በይለፍ ቃል መቆለፉን አይርሱ። ከቤት ውጭ ሆነው ፎቶዎቹን ማየት ከፈለጉ ሰርቨሩን ለማንም ክፍት አድርገው አይተዉት፤ ጫኚው እንደ ዋየርጋርድ ባለ ቪፒኤን እንዲያደርግልዎ ይጠይቁት።

የአማቴን ምርቃት የሚመልስልን ማሽን የለም። ዘንድሮ ፋሲካ ግን እናቴ ልጃችንን ስትመርቅ ቀረጽኩ። ገና ቡናው ሳይፈላ ቪዲዮው ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። እርስዎም ሳጥኑን እስኪገዙ አይጠብቁ፤ ለዛሬ ማታ ስልክዎ ላይ ያለውን ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ።