የዕውቀት አስተዳደር በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት

የዕውቀት አስተዳደር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ አንድ ተቋም የሚያውቀውን መለየት፣ ማስቀመጥ፣ ማካፈልና መልሶ መጠቀም ማለት ነው።

ዕውቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተጻፈው ሲሆን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሞጁልና መመሪያ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው በሰው ውስጥ ያለው ነው። ለምሳሌ ልምድ ያለው የላብራቶሪ ቴክኒሺያን የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ብቻ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይገምታል። ይሄ ማኑዋሉ ላይ የለም፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይሄዳል።

ኖናካና ታኬውቺ የተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት መጽሐፍ ዕውቀት በአራት መንገድ እንደሚሸጋገር አስረድተዋል፦ አብሮ በመሥራት፣ በውስጥ ያለውን በቃልና በጽሑፍ በመግለጽ፣ የተጻፈውን በማቀናጀት እንዲሁም የተማሩትን ሠርቶ የራስ በማድረግ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ሰብስቦ በኢንተርኔት ማቅረቡ ለሦስተኛው ጥሩ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ በአብዛኛው የምናገኘው የተሳካውን ነው፤ ተማሪው ሞክሮ የተወውን መንገድ አይደለም። በዚህ ምክንያት ቀጣዩ ተማሪ ያንኑ መንገድ እንደ አዲስ ጀምሮ አንድ ሴሚስተር ሊያቃጥል ይችላል።

መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም። ሰው ሲለቅ ክሊራንስ ላይ መጽሐፍና ቁልፍ ይመልሳል። ታዲያ የሚያውቀውንስ? ተተኪው ቀደም ብሎ አብሮት ቢሠራ፣ ተመራቂውም ያልሠራለትን በአንድ ገጽ ጽፎ ለዲፓርትመንቱ ቢያስረክብ ትልቅ ጅምር ይሆናል።