ትኩስ ወጥ በምን ዕቃ ይቀመጥ?

ለልጆቻችን የምናቀርበው ምግብ ንጹሕ ቢሆንም፣ ያስቀመጥንበት ዕቃ ሊበክለው እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ፕላስቲክ ሲሠራ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይገቡበታል። ሙቀት፣ ቅባትና ኮምጣጣነት እነዚህን ከዕቃው አውጥተው ወደ ምግቡ ያሻግራሉ። ወጥ ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ይዟል፤ ትኩስ ነው፣ ዘይት ወይም ቅቤ አለው፣ ቲማቲምም ይገባበታል። ለምሳሌ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገኘው ቢስፌኖል ኤ የሆርሞንን ሥራ ሊያውክ ስለሚችል፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ከሕፃናት ጡጦ አግዶታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ትኩስ ወጥ በፌስታል አትቋጥሩ። በማይዝግ ብረት ዕቃ አስቀምጡ፤ ሲበርድ ወደ ጠርሙስ መገልበጥም ይቻላል። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይ።

2. በፕላስቲክ ዕቃ ምግብ አታሙቁ። የተቧጨረውንና የተሰነጠቀውን ለምግብ አትጠቀሙበት።

3. ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ምንም ያህል ብታጥቡት ውሃም ሆነ ዘይት አትቅዱበት። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባዶ የማር ጠርሙስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ያገለግላል። ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ባይቻል እንኳ፣ ከሕፃናቱ ምግብ እንጀምር።