200 የተጻፈበት ጎማ

በሐረር፣ አቦከር በተባለው ሰፈር አካባቢ የቆመ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ጎማ ጎኑን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ከመጠኑና ከተመረተበት ሳምንት ሌላ «ትሬድዌር» የሚል ጽሑፍና እንደ 300 ወይም 400 ያለ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ባጃጅ ላይ ግን አያገኘውም። ቁጥሩ የሚሰጥበት ምዘና የወጣው ለቤት መኪና ነው፤ የባጃጁን ባለ 8 ኢንች ጎማ አይመለከትም።

ቁጥሩ የጎማው ጥርስ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ይጠቁማል። ያወጣው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሙከራው የሚካሄደው በቴክሳስ፣ በሳን አንጄሎ ዙሪያ ነው። መኪኖች ተከታትለው 640 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መንገድ ላይ እየዞሩ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳሉ። ከዚያ የጥርሱ መጉደል ተለክቶ 100 ከተሰጠው መነሻ ጎማ ጋር ይነጻጸራል። 200 ማለት በዚያ መንገድ፣ በዚያ አነዳድ፣ ከመነሻው እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ራሱ አምራቹ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1983 ውጤቱ ይዋዥቃል ብሎ ምዘናውን አግዶት ነበር፤ በ1984 የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው የመለሰው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የአማተር ውድድር አዘጋጆች ይህን የገዢ መረጃ ለሌላ ነገር ወሰዱት። ለስላሳ ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ግን በጥቂት ውድድር ያልቃል። ገደብ ከሌለ የሚያሸንፈው በየሳምንቱ ጎማ መግዛት የሚችለው ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ (ኤስሲሲኤ) በመንገድ ላይ በተደረደሩ ኮኖች መካከል ጊዜ እየተለካ በሚካሄደው ውድድሩ፣ የመንገድ መኪኖች ምድብ ላይ ከ200 በታች የተጻፈበትን ጎማ ከለከለ። ርካሽ መኪኖች ለረጅም ሰዓት የሚፎካከሩባቸው ውድድሮችም ለ200 የቀረበ ገደብ አላቸው።

አምራቾቹ ታዲያ 200 ብለው የጻፉበት፣ ለውድድር የታሰበ ጎማ ሠሩ። ብሪጅስቶን አርኢ-71አር እና ዮኮሃማ ኤ052 በዚህ ይታወቃሉ። የቴክሳሱ ሙከራ ጎማውን በጥድፊያ ኩርባ ላይ አያግለውምና፣ ሁለት 200 የተጻፈባቸው ጎማዎች በውድድር ላይ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ክለቦቹም ከቁጥሩ በተጨማሪ የጥርስ ጥልቀትንና ጎማው በሱቅ ለሁሉም መገኘቱን መጠየቅ ግድ ሆነባቸው።

ለሐረር ሹፌር ከዚህ ቁጥር ይልቅ ከጎኑ ያለችው የሙቀት ደረጃ ፊደል ትበልጥበታለች። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ፤ ቁልቁለቱን የሚወርድ ጎማ ሙቀት ይበዛበታል። የሙቀት መቋቋም ደረጃው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ይጻፋል፤ ኤ ከሁሉም ይሻላል። የምርት ዘመንም ይታይ፦ አራቱ አሃዞች 2319 ከሆኑ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲኩ ካረጀና ከደረቀ ጥርሱ ሙሉ መሆኑ ብዙ አያድንም።

የሐረር ወይም የድሬዳዋ ወጣቶች አንድ ቀን በኮን መካከል መፎካከር ቢጀምሩ፣ እኔ ቁጥሩን ደንብ አላደርገውም። ገበያው ላይ በብዛት የሚገኝ አንድ ዓይነት ጎማ ተመርጦ ሁሉም በእሱ ቢነዳ፣ ጎሚስታውም ከመነሻው በፊት የእያንዳንዱን ጥርስ ቢለካ፣ ፉክክሩ በነጂዎች መካከል ይሆናል።