ልጅን ለትምህርት ቤት ስናስመዘግብ የሚጠየቀው የጤና ማስረጃ

ልጁን ለትምህርት የሚያሰናዳ ወላጅ፣ ከደብተሩና ከልብሱ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የልጁን ጤንነት ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙበት በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት የሚኖሩትን ቤተሰቦች ይህን ነገር ሕጉ ራሱ ያስታውሳቸዋል። ነገር ግን አንዳንድ ወላጆች የክትባት ካርድና የሐኪም ምርመራ ሲጠየቁ፣ ደንቡ ከሀገር ቤት በሚመጣ እንግዳ ላይ የተጣለ መሰናክል እየመሰላቸው ያዝናሉ። እንዲህ አለመሆኑን ታሪኩ ያስረዳል።

የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ተማሪዎች የፈንጣጣ ክትባት እንዲወስዱ በሕግ ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ፣ በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ ሳትከተብ ቀርታ ከትምህርት ቤት ስለ ተከለከለች ተማሪ የተነሣው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ የከተማውን ደንብ አጸና። እንግዲህ ሕጉ ከመጤው አስቀድሞ ለአገሬው ልጅ የተደነገገ ነው። የክትባትንም ፍሬ እኛው ራሳችን አይተናል፤ ስንቱን ቤት ባዶ ያስቀረው ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976፣ በጎረቤታችን በሶማሊያ ደግሞ በ1977 ነው፤ በ1980ም ከምድር ላይ ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ።

ፈንጣጣ ቢጠፋም ኩፍኝ ግን አልጠፋም። የኩፍኝ ሕመምተኛ ከወጣበት ክፍል ውስጥ በሽታው እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በአየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ካልተከተቡት አጠገቡ ካሉ 10 ሰዎችም እስከ 9 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በምዕራብ ቴክሳስ በተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው፣ ለትምህርት የደረሱ ሁለት ያልተከተቡ ልጆች ሞተዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ለደም ነቀርሳ ሕክምና የሚከታተልና የኩፍኝ ክትባት ሊወስድ የማይችል ልጅ ይኖር ይሆናል። የእርሱ ጋሻ አብረውት የሚቀመጡት ልጆች መከተብ ብቻ ነው።

በቨርጂኒያ ወደ አፀደ ሕፃናት ወይም ወደ አንደኛ ደረጃ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ልጅ፣ ከመግባቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ በሐኪም መመርመር አለበት። ይህም ምርመራ የዓይንን፣ የጆሮንና የዕድገትን ሁኔታ ይመለከታል። ሰነፍ ነው ተብሎ የሚገሠጽ ልጅ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማየት የተሳነው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ቤተሰቦች ግን በተለይ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፓስፖርቱ ላይ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2020 ተብሎ ይጻፍለታል። በስድስት ሳምንቱ ጥር 22 ቀን 2013 ዓ.ም. የተከተበው ክትባት ቀኑ ሳይለወጥ ቢቀርብ፣ መዝጋቢው ልጁ ከመወለዱ ከሰባት ዓመት በላይ አስቀድሞ ተከተበ ብሎ ያነባል። እንዲሁም እኛ ቀንን አስቀድመን ስንጽፍ አሜሪካውያን ወርን ያስቀድማሉና፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ማስጻፍ ይበጃል።

ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ በአሜሪካ ግን ከ12 ወር በፊት የተሰጠው ለትምህርት ቤት አይቆጠርም። ስለዚህ ሐኪሙ እንደገና ይከተብ ቢል፣ የሀገር ቤቱን ነርስ ሥራ መናቁ አይደለም። የጉድፍን የመሳሰሉ፣ በሀገር ቤት ለሕፃናት ሁሉ የማይሰጡ ክትባቶችም ሊጨመሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። በሀገራችን ሕፃናት እንደ ተወለዱ የሚወስዱት ቢሲጂ የተባለው ክትባት፣ በቆዳ ላይ በሚደረገው ምርመራ በሽታው ሳይኖር ያለ ሊያስመስል ይችላል። ወላጅ ልጁ ቢሲጂ መከተቡን ለሐኪሙ ቢነግር፣ በዚህ ክትባት የማይታወከው የደም ምርመራ ሊደረግለት ይችላል።

ካርዱ ጠፍቶ እንደሆነስ? ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ይኖረው እንደሆነ በዘመድ በኩል ማስጠየቅ ነው። ካልተገኘም ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ሐኪሙ አንዳንዱን በደም ምርመራ ያረጋግጣል፣ ሌላውን ደግሞ እንደገና ይሰጣል፤ ክትባቱ መደገሙም ልጁን አይጎዳውም። ከእያንዳንዱ ከሚፈለገው ክትባት ቢያንስ አንድ ጊዜ የወሰደና የቀረውን ለመፈጸም ቀጠሮ የያዘ ልጅ፣ በቨርጂኒያ ሕግ ለ90 ቀናት እየተማረ እንዲፈጽም ይፈቀድለታል።

ስለ ገንዘቡም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የሕፃናት የክትባት መርሐ ግብር መሠረት፣ የጤና መድን የሌላቸው ልጆች እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ ክትባቱን ያለ ዋጋ ያገኛሉ። ለመውጋት የሚጠየቀውን ክፍያ መክፈል ያልቻለም ወላጅ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ከሚሠራ ሐኪም ዘንድ ልጁን ሳያስከትብ አይመለስም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቀጠሮ በሚበዛበት በነሐሴ ወር ከመሯሯጥ ይልቅ በጸደይ መጀመር ይሻላል። ከሀገር ለመውጣት የሚሰናዱ ወላጆችም የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድነት ይያዙ፤ ቅጂውንም ለአያቶች ትተው ይሂዱ። ይህች ትንሽ ወረቀት ለሕፃኑ ከወርቅ ሀብል ይልቅ የምትጠቅመው ስንቅ ናትና።