ደብተሩን ከኋላ የሚከፍተው ልጅ

ካርቱም ተወልዶ እዚያው ፊደል የቆጠረ ልጅ መተማ መጥቶ ክፍል ሲገባ ደብተሩን የሚከፍተው ከኋላ ነው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ እጁ የለመደው ያንን ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ይስቃል፣ መምህሩ ደብተሩን ገልብጦ ይሰጠዋል፣ ልጁ አንገቱን ይደፋል። ስድስተኛ ክፍል ደርሶ የነበረው ልጅ አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ከትንንሾቹ ጋር ይቀመጣል። ወላጆቹ «ተመስገን፣ አገራችን ገባን» ይላሉ። እሱ የሚያውቀው አገር ግን ከድንበሩ ማዶ ቀርቷል።

መተማ በምትገኝበት በምዕራብ ጎንደር ቆላ ስለ ስደትና ስለ ልጆች አእምሮ ሲወራ ቶሎ የሚታሰበው ልጆቹ ያዩት ደም ነው። እውነት ነው፤ ያየ ዓይን አይረሳም። ሆኖም ከተኩሱ በኋላ ለወራትና ለዓመታት የሚበላቸው ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል፦ ነገ የት እንደሚያድሩ አለማወቅ።

መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ጋላባት ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ይህ ድንበር ዛሬም በሁለት አቅጣጫ ሰው ያስተናግዳል። ክረምት ሲገባ ከደጋው ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረም ይወርዳል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ለአጨዳ። ከእነዚህ መካከል ደሞዙን እንደተቀበለ ወደ ቀዬው የማይመለስ አለ። ደላላ ያገኘዋል፤ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ከዚያም ሊቢያ። ቤት የቀረው ታናሽ ወንድም አንድ ቀን ስልክ ሲያነሳ የሚሰማው የወንድሙን ጩኸትና ገንዘብ የሚጠይቅ እንግዳ ድምፅ ነው። በሬው ይሸጣል፣ ዘመድ ይለመናል፣ እናት እንቅልፍ ታጣለች። በማግስቱ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ሒሳብ እንዲሠራ ይጠበቃል። ስደት ያልሄደውንም ልጅ ያማል የምለው ለዚህ ነው።

የመጡት ደግሞ በአንድ ጊዜ ጎረፉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ በጦር ሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሳ፣ በመተማ በኩል ሱዳናውያን ገቡ፣ ሱዳን ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያን ገቡ፣ ለዓመታት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከ60 በላይ አገራት ዜጎች በኢትዮጵያ በኩል እንዳለፉ ተመዝግቧል። ለስደተኞቹ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ኩመር ላይ ኮሌራ ገባ፤ በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዘረፋውና እገታው ሲበረታባቸው፣ በ2016 ሚያዝያ ከሺህ በላይ ሰዎች አውላላን ጥለው ወጥተው ጫካ ዳር፣ መንገድ ላይ ሰፈሩ። ከመካከላቸው ልጆች ነበሩ፤ ከጦርነት ሸሽተው የመጡበትን መጠለያ ደግመው የሸሹ ልጆች።

እንዲህ ያለ ኑሮ ልጅን ምን ያደርገዋል? አገሬው ስም አለው። «ቀልቡ ተገፈፈ» ይላል፣ «ሌሊት ያባንነዋል» ይላል። ሐኪሙም የሚናገረው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። አደጋ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፤ ይህ ሰውነት ራሱን የሚያድንበት መንገድ ነው። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል። ሥጋቱ ካላለፈ ግን ሰውነቱ እንደተወጠረ ይቀራል። ልጁ ሰሌዳ እያየ አያይም፣ ትናንት የተማረው ዛሬ አይገኝም፣ ራሱን ወይም ሆዱን ያመዋል፣ በትንሹ ይቆጣል። መምህሩ «ሰነፍ» ወይም «ባለጌ» ይለዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ ነው። የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ዕድሜ ማለት ነው።

ሕመሙ ለበረታበት ልጅ የአእምሮ ሕክምና የሚፈለገው ጎንደር ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም ሰው በሚታገትበት መንገድ። ስለዚህ ቤተሰብ ጠበል ይወስዳል፣ ሼክ ጋ ይሄዳል። ይህን የሚንቁ ባለሙያዎች ይሳሳታሉ። ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ የሚያሳየው፣ ሰው ከብቦት የሚጸልይለት ቦታ ነው። የሚያስፈልገው ጠበሉን አስትቶ መድኃኒት መስጠት ሳይሆን፣ በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ጭንቀትን ለይታ እንድታውቅና ቤተሰቡን ሳታሸማቅቅ እንድታነጋግር ማሠልጠን ነው።

አብዛኞቹ ልጆች ግን ከመድኃኒት በፊት የሚፈልጉት የታወቀ ቀን ነው። ጠዋት ደወል፣ ያው ወንበር፣ ያው ጓደኛ፣ ስሙን የሚያውቅ መምህር። የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ ጋር እኩል መብት ሰጥቷል። ችግሩ የአገሬው ልጅ ራሱ ትምህርት ማጣቱ ነው፤ በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ይማራሉ ተብለው ከታሰቡት 7 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ አልተመዘገቡም። ደወሉ ሲቆም ሰሊጥ እርሻውና ደላላው ይቀርባሉ።

ትምህርት ቤት በተከፈተበት ግን ያለ ብዙ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ አለ። የመተማ ገበያ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አያጣም። ከካርቱም የመጣውን ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ የሚፈትነው ሰው ቢገኝ፣ ሳይንሱንና ሒሳቡን የት እንዳደረሰ በአንድ ጠዋት ይታወቃል። አማርኛውን ከሰዓት በኋላ ለብቻው ይማር፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከእኩዮቹ ጋር፣ ስድስተኛ ክፍል ይቀመጥ።